በሚታፈርበት ገላ ላይ የሚወጣ የቆዳ በሽታ

በቡሹሎ አንድ ገበሬ እጁን ገጀራ ቢቆርጠው ለጎረቤቱ ያሳያል። ዓይኑን ቢያመው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ልጁ ቢያተኩሰው በሌሊትም ቢሆን ታቅፎ ይሮጣል። ብሽሽቱ ወይም ብልቱ ላይ የቆዳ በሽታ ሲወጣበት ግን ዝም ይላል። ሴቷም እንደዚሁ ናት። ከጡቷ ሥር ወይም ከብልቷ አጠገብ ቆዳዋ ሲሰነጠቅ ለእናቷም፣ ለባሏም አትናገርም። እያከከች፣ እየተቃጠለች፣ በቀሚሷ ሸፍና ትኖራለች።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ይህ አባባል በዚህ ንባብ ለምናየው በሽታ በጣም ይስማማል። የበሽታው ስም ሶሪያሲስ ይባላል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ስለዚህ በሽታ የታወቀውን ነገር በቀላል ቋንቋ ጽፈን ብናቀርብ ብዙ ሰው ከሥቃይ፣ ብዙ ቤትም ከጠብ ይድናል ብለን እናምናለን።

፩. ሶሪያሲስ ምንድን ነው?

የባሕር ዛፍ ግንድ አይታችኋል። አሮጌው ቅርፊት ከላይ እየተላጠ ይወድቃል፤ ከሥሩ አዲሱ ይወጣል። የሰው ቆዳም እንዲሁ ነው። አሮጌው ቆዳ በዓይን በማይታይ ብናኝ እየረገፈ በአዲስ ይተካል። በጤነኛ ሰው ይህ ሥራ 4 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሶሪያሲስ በወጣበት ቦታ ግን ከ3 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ያልቃል። አዲሱ ቆዳ ሳይበስል ወደ ላይ ይወጣል። አሮጌውም ለመርገፍ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ቆዳው ይደራረባል፣ ይወፍራል፣ ይቆጣል።

ይህን የሚያመጣው ምንድን ነው? ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው። ዘበኛው ተሕዋስያን ሲገቡ ይዋጋል። ሶሪያሲስ ባለበት ሰው ግን ይህ ዘበኛ ይሳሳትና ጠላት ሳይመጣ ጦርነት ይከፍታል። የገዛ ቤቱን ሰው ሌባ መስሎት እንደሚደበድብ ዘበኛ ማለት ነው። ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ሰው ተጋላጭነቱን በዘር ሊወርሰው ይችላል። ሆኖም አባቱ ወይም እናቱ የታመሙበት ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሶሪያሲስ እርግማን አይደለም። ቡዳም፣ መተትም አይደለም። የቆሻሻ በሽታም አይደለም። በየቀኑ የሚታጠብ ሰውም ይይዘዋል።

፪. በተሸሸገ ቦታ ሲወጣ መልኩ ይለወጣል

ሶሪያሲስ ብዙውን ጊዜ በክርን፣ በጉልበት፣ በወገብና በራስ ቆዳ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ወፍራምና ነጭ ቅርፊት ስላለው በቀላሉ ይታወቃል። ቆዳ ከቆዳ በሚነካካበት ቦታ ሲወጣ ግን መልኩ ሌላ ነው። እነዚህም ቦታዎች ብሽሽት፣ ብልት፣ የመቀመጫ መሐል፣ ብብት፣ የጡት ሥርና እምብርት ናቸው። በዚያ ላብና እርጥበት ስላለ ነጩ ቅርፊት አይጠራቀምም። የሚታየው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና ዳር ድንበሩ የተለየ ቆዳ ነው። አንዳንዴ በእጥፋቱ መሐል ይሰነጠቃል፤ ሲራመዱም ሲሸኑም ያቃጥላል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር እንጨምር። በውጭ አገር የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት «ቀይ ነው» ይላሉ። ይህ የነጮችን ቆዳ አይተው የጻፉት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። «ቀይ ስላልሆነ ሶሪያሲስ አይደለም» ማለት ስሕተት ነው።

ይህ ነገር የጥቂት ሰዎች ችግር አይመስላችሁ። በተደረጉ ጥናቶች፣ ሶሪያሲስ ካለባቸው 10 ሰዎች መካከል በአንድ ወቅት ብልታቸው አካባቢ የሚወጣባቸው እስከ 6 ይደርሳሉ። ታዲያ ለምን አንሰማም? ሰው ስለሚያፍር ነው። ሐኪሙም አንዳንዴ አፍሮ አይጠይቅም። ሁለቱም ሲተፋፈሩ በሽታው ይቀመጣል።

፫. ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋልን?

አይተላለፍም። ይህን ቃል ደግመን እንጽፋለን፤ አይተላለፍም።

በመጨባበጥ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ ልብስ በመዋዋስ፣ በአንድ ውኃ በመታጠብ አይተላለፍም። በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አይተላለፍም። ሶሪያሲስ የአባላዘር በሽታ አይደለም።

ይህን አለማወቅ ስንት ቤት ያፈርሳል! እንበልና አንድ ባል በብልቱ ላይ የቆዳ መቆጣት አየ። ሚስቱም አየችው። «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለች። እሱም መልስ ያጣና «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ!» ይላል። ጠቡ ይጀመራል። ሽማግሌ ይጠራል፤ ግን ለሽማግሌ እንዴት ይነገራል? ሚስት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ልጆች ይበተናሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ማንም ማንንም አልበደለም። ሁለቱም ታማኞች ነበሩ። ያጣሉት ያላወቁት በሽታ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስሕተት በዓለምም ተደርጓል። በድሮ ዘመን ሶሪያሲስ ያለበት ሰው የሥጋ ደዌ አለበት እየተባለ ከሰው ይገለል ነበር። ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ መሆናቸውን ቪየና የነበረው ሐኪም ፈርዲናንድ ሄብራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 አስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮችም በግንቦት 2006 ዓ.ም. ባደረጉት ጉባኤ ሶሪያሲስ የማይተላለፍ በሽታ መሆኑን ገልጸው፣ ታማሚዎችን ማግለል እንዲቀር ውሳኔ አሳልፈዋል።

፬. ከሌሎች በሽታዎች በምን ይለያል?

በብሽሽትና በብልት ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ሶሪያሲስ አይደለም። የሚመሳሰሉትን እንይ።

ጭርት፦ በብሽሽት ላይ የሚወጣው ጭርት በፈንገስ ይመጣል። ዳሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ መሐሉ እየጠራ ቀለበት ይመስላል። በጣም ያሳክካል። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።

እከክ፦ በሌሊት ይብሳል። በጣቶች መሐልና በእጅ አንጓ ላይም ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ያክካል።

ቂጥኝ፦ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የማያም ቁስል ያወጣል። ቁስሉ ሳይታከም ሊደርቅ ይችላል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ይቀራል።

ከርክር፦ የሚያም ቁስል ያወጣል፤ ብሽሽትንም ሊያሳብጥ ይችላል።

ጨብጥ፦ ከብልት መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሲሸኑ ያቃጥላል።

ሶሪያሲስ፦ መግል የለውም፤ እንደ ቂጥኝ የጎደጎደ ቁስልም አይደለም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ሌላም ቦታ አለ። ስለዚህ ክርናችሁን፣ ጉልበታችሁን፣ የራስ ቆዳችሁን ተመልከቱ። ጥፍራችሁንም እዩ፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ትንንሽ ጉድጓድ ካለበት ለሐኪም መንገር ይጠቅማል።

ሆኖም በዓይን አይቶ መወሰን የሐኪም ሥራ ነው። ጭርትን ሶሪያሲስ ብሎ፣ ቂጥኝንም ጭርት ብሎ መቀባት ጉዳት አለው። እኛ ልዩነቱን የጻፍነው ሐኪም ዘንድ እንድትሄዱ እንጂ በሐኪም ፋንታ እንድትወስኑ አይደለም።

፭. የሚያባብሱት ነገሮች

በሽታው አንዳንዴ ይተኛል፤ አንዳንዴ ይነሣል። የሚቀሰቅሱትን ማወቅ ግማሽ ሕክምና ነው።

አንደኛ፣ መፋተግ ነው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው ሲፋተግ፣ ሲቧጨር ወይም ሲቆረጥ በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ሊወጣበት ይችላል። ጠባብ የናይለን ሙታንታ፣ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ላይ መቀመጥ፣ በላብ እንደራሱ ረጅም መንገድ መሄድ ያባብሰዋል። የብልትን ጠጉር በምላጭ መላጨትም እንዲሁ ነው። ማሳጠር ያስፈለገ እንደሆነ በመቀስ ይከርከም።

ሁለተኛ፣ ኃይለኛ ሳሙና ነው። ኦሞ፣ የልብስ ሳሙናና በረኪና ለገላ የተሠሩ አይደሉም። እንዶድም ልብስ ያነጻል፤ የተቆጣ ቆዳን ግን ይለበልባል።

ሦስተኛ፣ ማቃጠልና መለብለብ ነው። በሎሚ መፈተግ፣ ነጭ ሽንኩርት ማሰር፣ ነጭ ጋዝ መቀባት፣ በእሳት መተኮስ የብልትን ቆዳ ያቆስላሉ። የቆሰለው ቦታ ደግሞ ለሶሪያሲስ አዲስ ማሳ ይሆንለታል። ይህ ጎጂ ልማድ ነውና ይቅር።

አራተኛ፣ ጭንቀት፣ ትምባሆና ብዙ አረቄ ናቸው። የጉሮሮ ሕመምም በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ሶሪያሲስን ሊያስነሣ ይችላል።

አምስተኛ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ናቸው። እኛ ያለነው ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ የወባን ነገር ሁላችን እናውቃለን። ለወባ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክሎሮኪን በአንዳንድ ሰው ላይ ሶሪያሲስን ይቀሰቅሳል። ይህን ስንል «የወባ መድኃኒት አትውሰዱ» ማለታችን አይደለም። ወባ ይገድላል፤ ሶሪያሲስ ግን ጊዜ ይሰጣል። መድኃኒቱ ሲታዘዝላችሁ «ሶሪያሲስ አለብኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ባለሙያው ያውቅበታል። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ኪኒኖችም እንዲሁ ናቸው። ሐኪም ሳታማክሩ ግን አታቋርጡ።

፮. በቤታችን ምን እናድርግ?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

1ኛ/ ቦታውን በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ መታጠብ። ሙቅ ውኃ ያባብሳል። ሳሙና ካስፈለገ ሽቶ የሌለው ለስላሳ የገላ ሳሙና ይሁን፤ በደንብም ይለቅለቅ።

2ኛ/ አለመፈተግ። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ይበቃል። ሴቶች ከሸኑ በኋላ ቀስ ብለው ያድርቁ፤ ሽንት የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላልና።

3ኛ/ ቦታው ከደረቀ በኋላ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት። ቫዝሊን ቆዳው እንዳይደርቅ፣ እንዳይሰነጠቅና እንዳይፋተግ ይረዳል። ከመቀባት በፊት እጅን መታጠብ አይረሳ።

4ኛ/ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ። ከእርሻ ሲመለሱ በላብ የራሰውን ልብስ ወዲያው መለወጥ። የታጠበውን የውስጥ ልብስ ሳሙናው እስኪወጣ ማለቅለቅና ፀሐይ ላይ ማስጣት።

5ኛ/ ጥፍርን ማሳጠር። ማሳከክ ሲበረታ በማከክ ፋንታ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ።

6ኛ/ በወር አበባ ጊዜ ጨርቁን ወይም ሞዴሱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ። እርጥበትና መፋተግ ሲቀንስ ሕመሙም ይቀንሳል።

፯. ስለ ቅባት መድኃኒት መጠንቀቅ

የብልትና የብሽሽት ቆዳ ስስ ነው። መድኃኒትን እንደ ደረቅ መሬት ዝናብ ይመጠምጠዋል። ለክርን የሚሆን ቅባት ለብልት አይሆንም።

ሐኪሞች ለእነዚህ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚያዙት እንደ ሃይድሮኮርቲሶን ያለ ደካማ ቅባት ነው። የሚታዘዘውም ለአጭር ጊዜ ነው። ቅባቱ ስስ ሆኖ ይቀባል። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የተጨመቀ ቅባት ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። ከዚያ በላይ መለቅለቅ ቶሎ አያድንም።

ክሎቤታሶልን የመሰሉ ኃይለኛ ቅባቶች ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በዚህ ቦታ ፈጽሞ አይቀቡ። መጀመሪያ ላይ ያሽላሉ። ሰውም «ተአምር ነው!» ይላል። ሲደጋገም ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ይሸነተራል፣ በትንሽ ነገር ይደማል። የተሸነተረው ቆዳ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ችግሩ ጭርት ከሆነ ደግሞ ቅባቱ መልኩን ይሸፍንና ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ስለዚህ «ለጎረቤቴ በጀው» ብሎ ከገበያ ቅባት መግዛት አይገባም። ለወፍራም ቅርፊት የሚሰጡ ሳሊሲሊክ አሲድና ሬንጅ ያለባቸው ቅባቶችም በብልት ላይ ያቃጥላሉ።

በሽታው ከበረታ ሐኪም ኪኒን ሊያዝ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው። ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም። በስሕተት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አትወስደውም። ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስትም አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

እውነቱን እንናገር። ሶሪያሲስን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። «በ3 ቀን አጠፋዋለሁ» የሚል ሰው ገንዘባችሁን ፈላጊ ነው። ነገር ግን በሽታው ይገታል። ማሳከኩና መሰንጠቁ ይቀራል፣ ሰው በሰላም ሠርቶ ይኖራል። ሲድን በቦታው ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። ይህ ጠባሳ በሽታ አይደለም፤ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። እሱን ለማጥፋት ሲባል ቅባቱን መቀጠል አያስፈልግም።

፰. ለባልና ለሚስት

ቆዳው ሲሰነጠቅ ግንኙነት ያማል። በዚያን ጊዜ እስኪሽር መታገስ ጥሩ ነው። የታመመው ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ቢሸሽ ሌላው «ጠላኝ» ወይም «ጠላችኝ» ይላል። ስለዚህ «አሞኛል፣ በሽታው አይተላለፍም፣ እስኪሻለኝ ታገሺኝ፣ ታገሠኝ» መባባል ያስፈልጋል። ከግንኙነት በኋላም ቦታውን በለብታ ውኃ አጥቦ ማድረቅና መቀባት ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን እንወቅ። ሶሪያሲስ ራሱ አይተላለፍም። የተሰነጠቀ ቆዳ ግን ለኤች አይ ቪና ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች በር ይከፍታል። ኮንዶም የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቫዝሊንና ሌሎች ቅባታማ ነገሮች ኮንዶሙን ሊያስቀድዱት እንደሚችሉ ይወቅ። ሶሪያሲስ በድንገት ተነሥቶ በጣም የበረታበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያደርግ ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ ሶሪያሲስን ሊያባብስ ይችላልና።

፱. ጤና ጣቢያ ሄደን ምን እንበል?

ብዙ ሰው ጤና ጣቢያ ደርሶ ከሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ይመለሳል። የመጣበትን ትቶ የራስ ምታት ኪኒን ይዞ ይሄዳል። ይህ እንዳይሆን ቃሉን ከቤት አዘጋጅታችሁ ሂዱ። እንዲህ በሉ፦

«እህቴ፣ ለብቻዬ የማሳይሽ የቆዳ ችግር አለብኝ። የወጣው የሚታፈርበት ቦታ ላይ ነው።»

ይህ በቂ ነው። ባለሙያዋ በር ዘግታ ታያለች፤ ምስጢር መጠበቅም ግዴታዋ ነው። ወንዱ ወንድ እንዲያየው፣ ሴቷም ሴት እንድታያት ከፈለጉ ይጠይቁ። አፍ አልፈታ ካለ ደግሞ አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። በወረቀት ላይ «ብሽሽቴን ያመኛል» ብሎ ጽፎ መስጠት ይቻላል። የተማርነው ፊደል ለዚህም ያገለግላል።

በቡሹሎ ጤና ጣቢያ አለ። በየቀበሌው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ማማከር ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ይጻፋል። በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎችን ያክማል።

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። የጎደጎደ ቁስል ካለ፤ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፤ ትኩሳት ከመጣ ወይም ብሽሽት ካበጠ፤ ሽንት ከከለከለ፤ መላ ሰውነት ከተቆጣ። ለብዙ ሳምንት የማይድን ጠጣር እብጠት ወይም ቁስል ካለ ካንሰር እንዳይሆን መመርመር አለበት። ጠዋት ጠዋት የጣትና የጉልበት መገጣጠሚያ ካበጠና ከደረቀም ተናገሩ። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያንም ሊጎዳ ይችላል፤ ቶሎ ካልታከመ እጅን ያጣምማል።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው ንገሩ። ገላችን ሁሉ ገላችን ነው። ክርናችንን ለሐኪም እንደምናሳይ ብሽሽታችንንም እናሳይ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሶሪያሲስ በብሽሽት ላይ ሲወጣ በክርን ላይ ከሚወጣው በምን ይለያል?
2. ባልና ሚስት በዚህ በሽታ ምክንያት ለምን ይጣላሉ? ጠቡ እንዳይመጣ ምን መባባል አለባቸው?
3. ለክርን የታዘዘ ቅባት በብልት ላይ ቢቀባ ምን ጉዳት ያመጣል?
4. ክሎሮኪን የታዘዘለት የሶሪያሲስ ታማሚ ምን ማድረግ አለበት?
5. በጤና ጣቢያ የምትናገሩትን ቃል በደብተራችሁ ላይ በሁለት መስመር ጻፉ።